ምርጫ በሌለበት ምን ይመከራል? የምክር አገልግሎት ተመራማሪ መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ

የቀድሞ ተማሪዎች መጽሔት ሲዘጋጅ ሐኪሞቻችን፣ መሐንዲሶቻችን፣ የግብርና ባለሙያዎቻችንና የሕግ ሰዎቻችን ገጽ አያጡም። ሙያቸው ራሱ ይናገርላቸዋል። «ሐኪም ነኝ» ያለ ሰው ጅማ መርካቶ ውስጥ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም፤ ወዲያው ስለ ጨጓራው የሚያወራው ሰው ያገኛል። የትምህርት ሥነ ልቦና አጥንቶ በምክር አገልግሎት ላይ ምርምር የሚሠራ ሰው ግን እንዲህ አይቀልለትም። «እና አሁን አስተማሪ ነህ ወይስ ሐኪም?» ይባላል። «ሁለቱንም አይደለሁም» ካለ ደግሞ «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ከረምክ?» ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን ማየት ይጠይቃል።

ሥራው በአጭሩ ሲነገር ይህን ይመስላል። መማር የሚችል ልጅ ለምን መማር እንዳቆመ ይጠይቃል። ሁለት መንገድ ፊቱ ላይ የተከፈተለት ወጣት አንዱን በምን እንደሚመርጥ ያጠናል። የከፋው ተማሪ ለማን እንደሚናገር፣ ሲናገርስ ሰሚው ምን ማድረግ እንዳለበት ይመረምራል። ትምህርት፣ ሙያና የግል ኑሮ ሦስቱም የዚህ ሙያ ማሳዎች ናቸው።

በዓለም ላይ የሙያው ጅማሬ ሩቅ አይደለም። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ከተማ ውስጥ ለወጣቶች የሙያ ምርጫ ቢሮ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሞተና «ሙያን መምረጥ» የተባለው መጽሐፉ በ1909 ታተመለት። ሐሳቡ ሦስት እርምጃ ነበረው፦ መጀመሪያ ራስህን እወቅ፣ ቀጥሎ የሥራውን ዓለም እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አገናዝብ። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ነገር ጨመረ። አማካሪው መልስ የሚሰጥ ሳይሆን በጥሞና የሚሰማ፣ ባለጉዳዩም መልሱን ራሱ እንዲያገኝ የሚያግዝ መሆን አለበት አለ።

እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ ትንሽ ያስቸግራል። በአማርኛ «ምክር» ስንል ታላቅ ለታናሽ የሚሰጠው ነገር ነው። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ሲባል ተናጋሪው መካሪው ነው፤ ንጉሡ እንኳ ሰሚ ነው። የምክር አገልግሎት ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፦ ልጁ ይናገራል፣ ትልቁ ሰው ያዳምጣል። አንድ ተማሪ ወደ ምክር ክፍል ተጠርቶ ሲሄድ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ከሰማው ስም ተነሥቶ የሚጠብቀው ተግሣጽ ነው። ስለዚህ የአገራችን ተመራማሪ የመጀመሪያ ሥራ የውጭውን መጽሐፍ መተርጎም ብቻ ሳይሆን «እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ይናገራል?» የሚለውን ማስተካከል ነበር።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የመመሪያና ምክር አገልግሎት መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ጊዜው የተማረ ሰው ብርቅ የነበረበት ነው። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን፣ እኛ «ማትሪክ» የምንለውን፣ ያለፈ ልጅ ብዙ በር ይጠብቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ፕሮግራም ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር እየወጡ ያገለግሉ ጀመር፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆኑ። በዚያ ምክንያት የአውራጃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየው መጀመሪያ ሰሌዳ ፊት በቆመ ወጣት አስተማሪ ነው። ምንም የምክር ቢሮ ባይኖርም፣ ያ አስተማሪ ከክፍል ውጭ ስለ ፋኩልቲዎችና ስለ ኮሌጅ ሕይወት የሚያወራው ወሬ የሙያ ምክር ነበር።

የሙያው ጥናት በአገራችን ሲነሣ ስማቸው ቀድሞ ከሚጠቀሱት መካከል ዩሱፍ ኦማር አብዲ አንዱ ናቸው። ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የመመሪያና ምክር አገልግሎት የጻፏቸው ጽሑፎች ዛሬም በዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች የሚጠቅሷቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በዓለም አቀፉ የሥነ ልቦና ጆርናል ላይ በአፍሪካ ስላለው የሥነ ልቦና ትምህርት ችግሮችና ተስፋዎች ጽፈዋል። ርዕሱን ብቻ ያየ ሰው እንኳ የሙያውን ሁኔታ ይረዳል። መለኪያው፣ መጽሐፉና ፈተናው ከውጭ የመጣ ሙያ፣ ሰውየው ግን የእዚህ አገር ሰው ነው። በሌላ አገር ልጅ ልክ የተሰፋ ልብስ ለእኛ ልጅ ይሆናል ወይ? ይህን ጥያቄ ይዞ የሚነሣ ተመራማሪ ሙሉ ዕድሜውን ቢሠራበት አያልቅበትም።

ወደ ጅማ እንምጣ። ጅማ ከዚያ ቀደም ብሎ የትምህርት ከተማ ሆናለች። የእርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤቷ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካኑ ኦክላሆማ የእርሻና ሜካኒክስ ኮሌጅ እገዛ ተከፈተ። ሚያዝያ 27 ትምህርት ቤት ደግሞ ከከተማዋም ከአካባቢዋም ልጆችን እየተቀበለ ብዙ ሰው አውጥቷል። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ ገንዘቡ ነጋዴ ይስባል፤ የነጋዴው ልጅ ደግሞ ሁለት መንገድ ይኖረዋል። ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ያደገ ልጅ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ የአባቱ ሱቅ ውስጥ ሲሆን፣ «ልማር ወይስ ልነግድ?» የሚለው ጥያቄ ለእሱ የመጽሐፍ ጥያቄ አልነበረም። ሚዛኑ ፊቱ ተቀምጧል። ፓርሰንስ ቦስተን ውስጥ የጠየቀው ጥያቄ ጅማ ላይ መልስ ሰጪ ሳይኖረው ይጠየቅ ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። በዚያ ዘመን «ወዴት ትሄዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ጥቂት ነው። ትምህርቱ ከተመለሰም በኋላ ተመራቂው ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ይመደባል። ስሙን ከመሥሪያ ቤትና ከክፍለ ሀገር ጋር ተጽፎ ያገኘዋል፤ ሻንጣውን ይዞ ይነሣል። ለፍትሕ ስንል እንናገር፦ በዚህ ምደባ ከፋ ክፍለ ሀገር ደርሰው፣ ጅማን ወደው፣ እዚሁ ጎጆ ወጥተው የቀሩ ብዙዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም አብረውን ተምረዋል። ምደባው የሥራ አጥነትን ጭንቀት ከተመራቂው ላይ አንሥቶለት ነበር። የምክር አገልግሎቱን ግን ከሥሩ ነቀለው። ምርጫ በሌለበት ምን ይመከራል? ራስህን እወቅ ቢባል፣ ሥራውን እወቅ ቢባል፣ የሚያገናዝበው ሌላ ሰው ነው። የሙያ ምክር ጥናት በመጽሐፍና በክፍል ውስጥ ብቻ ቆሞ የቀረው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ሙያው የሚኖረው ሰው መምረጥ ሲችል ነው።

ምርጫው በወረቀት ላይ የተመለሰው በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተማሪው ወደፊት ሊማር፣ ሊሠለጥን ወይም ሊሠራ የሚፈልገውን እንዲለይ የሚያስችል አድርጎ አስቀመጠው። ይህች ዓረፍተ ነገር አጭር ናት፤ የያዘችው ግን ትልቅ ነገር ነው። የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ ፍላጎቱን ይለይ ነበር፤ በዚያ ሥርዓት ከ10ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ወይ መሰናዶ ይገባ፣ ወይ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር፤ መሰናዶ ከገባ ደግሞ ወይ ናቹራል ወይ ሶሻል ይመርጥ ነበር። ታዲያ ፍላጎቱን ለመለየት የሚረዳው ማን ነው? በብዙ ትምህርት ቤት የምክር ክፍሉ ካለም ክፍለ ጊዜ ለቀነሰለት አስተማሪ የሚሰጥ ነገር ሆነ። ስም ጠሪው መምህር፣ ዩኒት ሊደሩ፣ አንዳንዴም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ሥራውን ይሸፍናሉ። ቅን ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ልጅ ዛሬ ያረፈደበትን የሚመዘግበው ሰው ነገ የቤቱን ምሥጢር የሚሰማው ሰው ሊሆን ይከብዳል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ላይ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ቅበላው 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወሰነ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋት ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ልጁን «ምን ትወዳለህ?» ብለው የጠየቁት ሰዎች መልሱን ከመስማታቸው በፊት ቁጥሩን ቆርጠው ጨርሰው ነበር። የዚያን ዘመን ፍሬሾች የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ሲሞሉ የነበረውን የሚያስታውስ ያስታውስ። አንዱ ዶርም ውስጥ «እገሌ ዲፓርትመንት ሥራ የለውም» የሚል ወሬ ከተነሣ ማታ የተሞላው ቅጽ ጠዋት ይሰረዛል። ወሬውን ያመጣው ሲኒየር ሳያውቀው የብዙ ሰው የሙያ አማካሪ ሆነ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1999፣ የግብርና ኮሌጁና እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው ነው። ከሌሎች የሚለየው ነገር ሁላችንም እንደምናውቀው በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርቱ ነው። «በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚለው መፈክር ግድግዳ ላይ ብቻ አልቀረም። ሲቢቲፒ ወጥቶ በጭቃ ቤት ለቤት መጠይቅ ያላስሞላ፣ ወይም ቲቲፒ ላይ ከሌላ ዲፓርትመንት ልጆች ጋር አብሮ ያልበላ የጤና ተመራቂ ይኖራል? ይህ ልማድ ለምክር ጥናት የሰጠው ጥቅም ቀስ ብሎ ነው የታየው። ተማሪውን በክፍል ወንበር ላይ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ማየት አስተማረ።

ከዚህ ሁሉ የጅማ አካባቢ ወጣቶች ጥናት ይበልጥ መነገር አለበት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ ከ2,000 በላይ ወጣቶችን ከጅማ ከተማ፣ ከአካባቢው ትናንሽ ከተሞችና ከገጠር ቀበሌዎች መርጦ ለዓመታት ተከታተለ። ከዚሁ ጥናት ተነሥተው ተፈራ በላቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጽሑፍ አወጡ። ራሳቸው የምግብ እጥረት ከገጠማቸው ወጣቶች 33 በመቶው ከትምህርት ገበታ ቀርተው ሲገኙ፣ ምግብ ካላጡት እኩዮቻቸው የቀሩት 17.8 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከተመሳሳዩ ጥናት በወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ፣ በችግር ላይ ባለ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ልጆች ከወንዶቹ ይልቅ መራባቸውን ተናግረዋል። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ማዕድ፣ ግን ሁለት ዓይነት ረሃብ ማለት ነው።

ይህን የሠሩት የጤናና የሥነ ምግብ ሰዎች እንጂ የምክር ተመራማሪዎች አይደሉም። ለምክር ተመራማሪው ግን ከብዙ የውጭ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ቁጥር ይጠቅመዋል። ስም ጠሪው መዝገብ ላይ «ቀሪ» ብሎ የጻፈው ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። ሐሳቡን መሰብሰብ ያቃተው ልጅ «ትኩረት የለውም» ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት ቁርስ መብላቱን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ጥሩ አማካሪ የልጁን ጭንቅላት ከመመርመሩ በፊት የልጁን ቀን ይመረምራል፦ መቼ ተነሣ፣ ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ተጓዘ፣ ከትምህርት በኋላ ምን ይሠራል። በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጎማና በማና በኩል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ ቡና ደርሷል ወይ? እሸቱ በሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የልጅ እጅም ይፈለጋል። ያን ጊዜ የሚቀር ልጅ ትምህርቱን የጠላ አይደለም፤ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆነውን እየለቀመ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ አማካሪ ከተሳሳተ ቦታ ይነሣል።

ቋንቋውም አለ። ጅማ ላይ ተቀምጦ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰማ አማካሪ የግማሹን ልጅ ግማሽ ታሪክ ነው የሚሰማው። ከገጠር የመጣው ልጅ የከፋውን የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሌላው በየም፣ በከፋ ወይም በዳውሮ ቋንቋ ያስባል። የመጠይቁን ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶ፣ ከዚያ በሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ አስመልሶ፣ ሁለቱ መመሳሰላቸውን ማረጋገጥ የዚህ ተመራማሪ የዘወትር ሥራ ነው። ሲታይ አሰልቺ ነው፤ ያለዚያ ግን ቁጥሩ ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ከቃሉም በላይ ልማዱ አለ። በዚህ አገር ሰው ሲጋጭ ጃርሱማ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ያዳምጣል፤ ተራ ጠብቆ ይናገራል። «እኛ አገር መስማት የሚባል ነገር የለም» የሚል ተመራማሪ ካለ ከቢሮው ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ያልነበረው ለልጁ ብቻውን የሚቀመጥለት፣ የነገረውን ለአባቱ የማያወራ ሰው ነው። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ትንሽ የቡና ከተማ ውስጥ ምሥጢር መጠበቅ ከማንኛውም የሕክምና ስልት ይከብዳል።

የዚህ ሰው የሥራ ሕይወት ታዲያ ምን ይመስላል? ብዙዎቹ በሥነ ልቦና ወይም በትምህርት ዘርፍ ተመርቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጀምራሉ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ አንዳንዴም በሩ የማይዘጋ። ከዚያ ማስተርስ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፤ ከዚያ ዶክትሬት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ፕሮፌሰር ዳርጌ ወሌና ፕሮፌሰር ሀብታሙ ወንድሙ በሥነ ልቦና ትምህርት ያስተማሯቸው ተማሪዎች ዛሬ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ወንበር ይዘዋል። ጅማም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ የራሷን የትምህርትና ሳይንስ ጆርናል ማሳተም ስለጀመረች፣ የአካባቢው ጥናት የሚታተምበት ቤት አግኝቷል። ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የተከፈተው የአእምሮ ጤና ማስተርስ ደግሞ አማካሪው ከአቅሙ በላይ የሆነ ችግር ሲገጥመው ልጁን የሚልክበት እጅ ፈጥሯል። ይህ የሙያው ትልቅ ትርፍ ነው። ምክር ሁሉንም አያድንም፤ መቼ ወደ ሐኪም እንደሚላክ ማወቅ ራሱ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ፤ ነገሩ የሚያመው እዚህ ላይ ነውና። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ኩረጃው ቀርቷል፤ ውጤቱ ሐቀኛ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ከመቶ ዘጠና አምስት የሚሆነው ልጅ ግን ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል። አባቱ ቡና ሸጦ ያስተማረው፣ እናቱ ጉሊት ተቀምጣ ያሳደገችው ልጅ ነው። ከፊሉ በሬሜዲያል ገባ፤ ከፊሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ፤ ከፊሉ ቤት ተቀመጠ። ቤት ለተቀመጠው «አይዞህ» የሚለው አይጠፋም። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ «ምን ቀርቶሃል? ምን ትችላለህ? ከዚህ ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ ሰዓት ሰጥቶ የሚሰማው ግን ስንት ነው?

ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ላየው ሰው ታሪኩ ዞሮ መጥቷል። በንጉሡ ዘመን ለጥቂቶች ብዙ በር ነበር። በደርግ ዘመን በሩን የሚመርጠው መንግሥት ነበር። ከ1986 ዓ.ም. በኋላ በሩ በወረቀት ለሁሉም ተከፈተ፤ የሚያስገባው ሰው ግን አልተቀመጠም። ዛሬ ዋናው በር ጠቦ ትናንሾቹ በሮች በዝተዋል፤ የት እንዳሉ የሚያሳይ ሰው ይፈለጋል። ድሮ የምክር አገልግሎት ላለፈው ልጅ ነበር የሚታሰበው፤ «ሕክምና ይሻልሃል ወይስ ምሕንድስና?» እየተባለ። አሁን ዋናው ደንበኛ ያላለፈው ነው። የዘርፉ ተመራማሪም ጥያቄውን መቀየር አለበት። «ጎበዙ ልጅ ምን ይምረጥ?» የሚለውን ትቶ «አንዱ መንገድ የተዘጋበት ልጅ ሌላውን እንዴት ያገኛል?» ማለት ይኖርበታል። ለዚህ የቦስተን መጽሐፍ አይበቃም። የማናን፣ የሰርቦንና የሂርማታ መርካቶን ልጅ ኑሮ የሚያውቅ ጥናት ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ እኛ ካልሠራነው የሚሠራልን የለም።

ውድ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከዚህ ማኅበር አባላት አብዛኛው የዲፓርትመንት ፎርም በወሬ የሞላ ነው፤ ቢሆንም ደርሷል። በዘንድሮው መገናኛ ወደ ተማርንባቸው የጅማና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ጎራ የምንል ካለን፣ ልጆቹን ሰብስበን ስለ ስኬታችን ባንሰብክ ይሻላል። ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር እንቀመጥ፤ ካለ ክፍሉ በር እንዳለው እንይ፤ ከሌለ ለምን እንደሌለ ርዕሰ መምህሩን እንጠይቅ። ከዚያ ሁለት ሦስት ልጆች ጋር ተቀምጠን እንስማ። የትምህርት ሥነ ልቦና ያጠኑት ጓደኞቻችን ያን ሁሉ ዓመት ሲማሩ የከረሙት ይህንኑ ነው። መርካቶ ላይ «ምን ሆንክ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ዘመድ ካለ፣ መልሱ አጭር ነው፦ ልጅህ ሲናገር የሚሰማው ሰው ሆኑ።